ላዩ ለፎቶ፣ ሆዱ ለጨው

መቼም እኛ ‹‹ክረምት›› ስንል ዓይናችን ላይ ድቅን የሚለው ሐምሌና ነሐሴ ነው። ዝናብ፣ ጭቃ፣ ጃንጥላ፣ ከሰል ላይ የሚንጣጣ የበቆሎ እሸት። ይህንን ክረምት በልባችን ይዘን አሜሪካ እንመጣና እዚህ ዋሽንግተንና አካባቢዋ ሌላ ክረምት ይቀበለናል። አገር ቤት ያለው ሰው ገና ብሎ፣ ጥምቀት ብሎ ነጠላውን አዘናፍሎ ፀሐይ ላይ ሲውል፣ እኛ በጠዋት ተነስተን የመኪና መስተዋት ላይ የተጋገረ በረዶ እንፍቃለን። የአገራችን ክረምት መኪና ያቆሽሻል፤ ያ በውኃ ይለቃል። የዚህኛው ክረምት ግን መኪና ይበላል። አዎ፣ ይበላል። የሚበላውም በጨው ነው።

ጨው ስል ያው ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ዓይነት ማለቴ ነው። በረዶ ሊጥል ነው ሲባል የመንገድ ሥራ ካሚዮኖች ቀደም ብለው ይወጡና በጨው የተበጠበጠ ውኃ አስፋልቱ ላይ እንደ ደብተር መስመር እያሰመሩ ይሄዳሉ። በረዶው ሲጥል ደግሞ ደረቁን ጨው እንደ ዘር ይዘሩታል። ጨው ውኃ የሚረጋበትን የሙቀት መጠን ዝቅ ስለሚያደርገው መንገዱ ቶሎ አይጋገርም። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ የተራው ጨው ጉልበት ይዳከማል፤ ያኔ ማግኒዥየም ክሎራይድና ካልሲየም ክሎራይድ የሚባሉ የጨው ዘመዶች ይመጣሉ። እነዚህ ደግሞ ከአየር ላይ እርጥበት ስለሚስቡ መኪናው ስር ከተለጠፉ በቀላሉ አይደርቁም።

አያቶቻችን ይህንን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር? እኛኮ ከዳናክል በረሃ በግመል የተጫነ አሞሌ እንደ ገንዘብ ስንገበያይበት የኖርን ሕዝብ ነን። ‹‹ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይወረውሩሃል›› ብለንም ተርተናል። እዚህ አገር ጨው ጣፈጠም አልጣፈጠም ይወረወራል።

ጨውን ግን አልረግምም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 መጀመሪያ ቨርጂኒያ ውስጥ አይ-95 በተባለው አውራ ጎዳና ላይ የሆነውን የምናስታውስ ብዙ ነን። ያን ዕለት የአየሩ ነገር በዝናብ ስለጀመረ ጨዋማውን ውኃ አስቀድሞ መርጨት አልተቻለም፤ ቢረጭ ዝናቡ ያጥበዋላ። ከዚያ ዝናቡ ወደ በረዶ ተለወጠ፣ መንገዱ ተቆለፈ፣ ሰው ከነልጆቹ ከ24 ሰዓት በላይ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ቀረ። ሴናተር ቲም ኬይን እንኳ 27 ሰዓት መንገድ ላይ ቆይተዋል። ስለዚህ ጨው ነፍስ ያድናል። ነፍስ የሚያድነው ጨው ግን ብረት ይበላል። የኛ ጉዳይ እንግዲህ ከዚህ ይጀምራል።

*

ጥቅምት ጋመስ ብሎ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር የሐበሻ ካፌዎች መኪና ማቆሚያ ላይ አንድ ክርክር ይነሳል። የአገር ቤት ፖለቲካ ለጊዜው ይታጠፍና ሰዉ ስለ መኪና ሰም ያወራል። አንዱ ኮፈኑን በመዳፉ እየደባበሰ ‹‹ይሄኛው ሰም'ኮ ፊትህን ያሳይሃል፣ ጢምህን ልትላጭበት ትችላለህ!›› ይላል። ሌላው ‹‹የሱን ተወው፣ የኔን ፓራፋንጎ እይማ፣ መስተዋት!›› ይላል። ሦስተኛው ስልኩን አውጥቶ ባለፈው ዓመት የተነሳውን ፎቶ ያሳያል። ከዚያ ክርክሩ ይከራል። የማንኛው ሰም ይበልጥ ያበራል? የማንኛው ቀለሙን ያደምቃል?

አንድም ሰው ‹‹የማንኛው እስከ መጋቢት ይቆያል?›› ብሎ አይጠይቅም። አንድም ሰው ‹‹ታቹስ?›› አይልም።

ከውጭ ሆኜ የምሳለቅባቸው እንዳይመስላችሁ። እኔም ከተከራካሪዎቹ አንዱ ነበርኩ። ያውም ድምፄ ከፍ የሚል። አሁን ግን ተራዬን ልናገር። ለክረምት ሰም ስንመርጥ የምንሠራው ስህተት የዕውቀት ማነስ ብቻ አይደለም፤ አመል ነው። አመሉም ከመኪና የሰፋ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሰሙ። ሁላችንም አፋችን ላይ ያለው ካርናውባ ነው። ካርናውባ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል የሚበቅል የዘንባባ ዘመድ ነው። ዛፉ ፀሐዩንና ድርቁን ለመቋቋም ቅጠሉን በሰም ይሸፍናል፤ ሰዎች ቅጠሉን ይቆርጡና አድርቀው ሰሙን ያራግፉታል። ብርቱ ሰም ነው። ጧፍ የምንሠራበት የንብ ሰም በ60ዎቹ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀልጥ ካርናውባ 80 ካላለፈ ንክች አይልም። ከረሜላና እንክብል ላይ የምናየው ብልጭታም ብዙ ጊዜ የሱ ሥራ ነው። መኪና ላይ ሲቀባ ደግሞ እውነትም ያምራል። ጥቁር መኪና ላይ በተለይ ቀለሙ ጥልቀት ያለው፣ እርጥብ ይመስላል። ይህንን አልክድም።

ግን ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ‹‹100 ፐርሰንት ካርናውባ›› እንዴት ነው የምናነበው? ንጹሕ ካርናውባ እንደ ጡብ የደረቀ ነገር ነው። መኪና መቀባት ቀርቶ ጣት አያስገባም። ስለዚህ ቆርቆሮው ውስጥ ማሟሟቻ አለ፣ ዘይት አለ፣ ሌላም አለ። መቶ ፐርሰንቱ የሚናገረው ውስጡ ስለገባችው ካርናውባ ነው እንጂ ስለ ቆርቆሮው አይደለም። ጠጅ ቤት ገብታችሁ ባለቤቷ ‹‹ጠጃችን መቶ ፐርሰንት ማር ነው›› ብትላችሁ ስኳር አልገባበትም ማለቷ ነው፤ ውኃ የለበትም ማለቷ አይደለም። ይህንን ጠጅ ላይ ጠንቅቀን እናውቃለን። ቆርቆሮ ላይ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ግን ዕውቀታችን ይጠፋብናል።

ከዚያ ስሌቱን ያዙ። የካርናውባ ሰም በተለመደው ግምት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቢቆይ ነው። ጨውና ተደጋጋሚ እጥበት ሲጨመርበት ከዚያም ያንሳል። እኛ የምንቀባው ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ በረዶውም ጨውም የሚበረታው ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ነው። እንግዲህ ቁጠሩት! ጠላት ሲመጣ ዘበኛው ሥራ ለቋል ማለት ነው። በሁለት ወር አንዴ እንደገና እቀባለሁ የሚል ካለ ደግሞ ጃንዋሪ ላይ፣ ከቤት ውጭ፣ እጁ እየደነዘዘ ሲቀባ ልየው። ሰም በደንብ እንዲይዝ ቢያንስ ወደ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ሙቀት ይፈልጋል። ጋራዥ ያለው ስንቱ ነው? አብዛኞቻችን አፓርታማ በር ላይ ነው የምናቆመው።

ሁለተኛ፣ የመኪናችን ቀለም። የካርናውባ ጌጥ በደንብ የሚታየው ጥቁር፣ ቀይ፣ ደማቅ ሰማያዊ ላይ ነው። እኛ የምንነዳው ምንድን ነው? ብርማ ቶዮታ፣ ነጭ ቶዮታ፣ እንደገና ብርማ ቶዮታ። ብርማ መኪና ላይ በሃያ ዶላሩ ሰምና በዘጠናው መካከል ያለውን ልዩነት ሁለት ሜትር ርቆ የሚለይ ሰው ካለ ቡናውን እኔ እከፍላለሁ።

ሦስተኛ፣ የውኃ ኳስ። ዝናብ ሲዘንብ ጠብታው ኮፈኑ ላይ ኳስ ኳስ ሆኖ ሲንከባለል ‹‹አየህ! እየሠራ ነው!›› እንላለን። ውኃ ኳስ መሥራቱ ገጽታው ውኃ እንደማይስብ ይናገራል፤ በቃ። ምን ያህል ወፍራም መከላከያ እንዳለ፣ ጨው ቢያርፍበት ስንት ቀን እንደሚችል አይናገርም። አናቷን ቅቤ የተቀባች እናትም ዝናብ ላይ ብትወጣ ውኃው ኳስ ኳስ እያለ ይወርዳል። ቅቤ ዝገት ይከላከላል ብለን ግን መኪና አንቀባም።

አራተኛ፣ ሴራሚክ። አሁን አሁን ፋሽኑ ይሄ ነው። ከሲሊካ የሚሠራ ፈሳሽ ቀለሙ ላይ ይቀባና ይደርቃል፤ በትክክል ከተሠራ ለዓመታት ይቆያል። ጥሩ ነገር ነው፣ አልጣላውም። ግን ከመቀባቱ በፊት ቀለሙ በሚገባ መጽዳትና መስተካከል ስላለበት ባለሙያ ጋ ሲሠራ ብዙ ጊዜ በመቶዎች፣ አንዳንዴም ከሺህ ዶላር በላይ ይጠይቃል። ሻጩ ‹‹ለዘለዓለም›› ብሎ ከነገራችሁ ዘለዓለም የማን እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። ከሁሉ በላይ ግን ሴራሚክም የሚቀባው ላይ ነው። ላይ! እኔን የሚያንገበግበኝ ይህችው ‹‹ላይ›› ናት።

ታዲያ ምን እንቀባ? መልሱ አሰልቺ ነው፤ ስለዚህ ካፌ በር ላይ አይነገርም። ለክረምት ‹‹ሲላንት›› የሚባለውን ሰው ሠራሽ የፖሊመር መከላከያ ግዙ። ከአራት እስከ ስድስት ወር ይቆያል። ኖቬምበር ላይ ተቀብቶ መጋቢትን ያያል። ማብረቁ ከካርናውባ ትንሽ ቀዝቀዝ ያለ፣ የመስተዋት ዓይነት ነው፤ ብርማና ነጭ መኪና ላይ እንዲያውም ይስማማል። ሰም ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ የሚልም አያጣም። ኒው ዮርክ ስቴት ዩቲካ ውስጥ የሚሠራው ኮሊናይት የተባለው ዓይነት ካርናውባን ከሌላ ነገር ጋር አዳብሎ ለወራት የሚቆይ ሰም አለ። ዩቲካ የበረዶ አገር ናት፤ ሰዎቹ ክረምት ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ቆርቆሮውም የሚያምር አይደለም። ምናልባት ለዚህ ይሆናል የማንገዛው።

*

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። መናገር የሚያሳፍረኝም ይሄ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እ.ኤ.አ. በ2004 የተሠራ ብርማ መኪና ነበረኝ። በኖቬምበር አንድ ቅዳሜ ዘጠና ዶላር የሚያወጣ ሰም ገዝቼ ቀኑን ሙሉ ቀባሁት። ሁለት ጊዜ አጠብኩ፣ ፈተግኩ፣ ቀባሁ፣ ወለወልኩ። ሲያልቅ ልጄን አጠገቡ አቁሜ ፎቶ አነሳሁና አዲስ አበባ ላኩ። ‹‹ተባረክ፣ አዲስ ገዛህ ወይ?›› ተባልኩ። አልገዛሁም አላልኩም። ዝም አልኩ። ዝምታዬን ልብ በሉልኝ።

ክረምቱን ሙሉ መኪናዬን በየሳምንቱ አሳጠብኩ። በጣም ርካሹን እጥበት ነበር የምመርጠው፤ ከስር በውኃ የሚመታው ባለ ሦስት ዶላር ጭማሪ ነበረው። ‹‹ታች ማን ያየዋል?›› ብዬ ሦስቱን ዶላር አስቀረሁ።

ፌብሩዋሪ ላይ ልጄን ከትምህርት ቤት ወስጄ ቁልቁለት እየወረድኩ ነበር። ከፊቴ ቀይ መብራት በራ። ፍሬን ያዝኩ። ፔዳሉ እንደ ወትሮው ጠንከር አላለም፤ እንደ ሊጥ ወደ ታች ሰመጠ። መኪናው ቀነሰ እንጂ አልቆመም። ፍሬን ማኖውን ጎተትኩት። ተንሸራተን፣ የእግረኛ መሻገሪያውን አልፈን፣ የመስቀለኛው መንገድ መሐል ላይ ቆምን። ከግራ የሚመጣ አውቶቡስ ጥሩምባውን እያስጮኸ በሁለት ክንድ ርቀት ቆመ። እግዚአብሔር ይመስገን ማንም አልተነካም።

ልጄ ከኋላ ሆና ‹‹አባዬ፣ ለምን አላቆምክም?›› አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ።

መኪናውን ያነሳልኝ አንድ የመርካቶ ልጅ መካኒክ ነው። ማንሻው ላይ ሰቅሎት ባትሪ እያበራ ጠራኝ። ከስር ገብቼ ቀና ብዬ ሳይ የኔ መኪና አልመስልህ አለኝ። ሻሲው እንደ ቂጣ እየተላጠ ነው። ወደ ኋላ እግር የሚሄደው የፍሬን ቱቦ ዝጎ ተበሳስቷል፤ ዘይቱ ከዚያ ነው የፈሰሰው።

‹‹ጋሼ፣ ላዩን ሙሽራ አድርገውታል፤ ታቹን ግን ማን ይየው?›› አለኝ።

‹‹በየሳምንቱ ነው'ኮ የማሳጥበው!›› አልኩ፣ ተቆጥቼ።

‹‹መኪናውን አላልኩም። ይሄ ቱቦ መቼ ታጥቦ ያውቃል?››

ዝም አልኩ። ይሄኛው ዝምታ ከፎቶው ጊዜ ዝምታ ጋር ወንድማማች ነው።

ነገሩ የኔ ብቻ ዕድል እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ ፌዴራል የትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. የ2007 ሞዴልና ከዚያ በፊት የሆኑ መኪናዎች የፍሬን ቱቧቸው በዝገት ሊበሳ እንደሚችል አስጠንቅቆ፣ ባለቤቶች ክረምቱን ሁሉ ከስር እንዲያጥቡ መክሮ ነበር። የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር፣ ትሪፕል ኤ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ግምት አሜሪካውያን የመንገድ ጨው ያመጣውን ዝገት ለማስጠገን በዓመት 3 ቢሊዮን ዶላር ያወጣሉ። ማኅበሩ በተለይ ያስፈራው የተላጠ ቀለም አልነበረም፤ የፍሬን ቱቦ፣ የነዳጅ ታንክና የኤሌክትሪክ መስመር ነው። እነዚህ ሁሉ የት ነው ያሉት? ሰም የማይደርስበት ቦታ።

*

ይህንን ለአንድ ወዳጄ ስነግረው ሳቀብኝ። መኪና እየነዳ ነው ልጆቹን የሚያሳድገው። ‹‹ስማ›› አለኝ፣ ‹‹ተሳፋሪ ሲጠራኝ ከስር ተኝቶ አያየኝም። በሩን ሲከፍት ነው የሚያየኝ። መኪናዬ ካበራ አምስት ኮከብ ይሰጠኛል፣ ጉርሻም ይጥላል። የኔ እንጀራ ላዩ ላይ ነው ያለው።››

እውነት አለው። ማብረቅ ኃጢአት ነው አላልኩም። ንጹሕና የሚያበራ መኪና ይዞ መምጣት ተሳፋሪን ማክበር ነው፤ ራስንም ማክበር ነው። በዚህ አገር በመልካችንና በንግግራችን ቃና ብዙ ለምንመዘን ሰዎች የመኪናችን ገጽታ ቀላል ነገር አይደለም። ይህንን የማይረዳ ሰው ቢፈርድብን አይገርመኝም።

ግን ወዳጄ፣ ያ ተሳፋሪ ሕይወቱን የሰጠህ ለኮፈንህ ነው ለፍሬንህ? አምስት ኮከብ የሰጠህ ሰው መኪናህ እንደሚቆም እርግጠኛ ስለሆነ ነው የገባልህ። ታቹን አላየም፤ አንተ አይተህለታል ብሎ አምኖሃል። ደግሞም እንጀራህ ላዩ ላይ ከሆነ ላዩ የተቀመጠው በምን ላይ ነው? ሻሲው ከበሰበሰ ቨርጂኒያ በየዓመቱ ከሚደረገው የደህንነት ምርመራ አታልፍም። ሰምህ እያበራ መኪናህ ይቆማል። ያን ቀን ስንት ኮከብ ይሰጥሃል?

ሁለቱን ነጣጥሎ ምረጥ ያለህም የለም። ለሰም የምታወጣውን ቀንስና የቀረውን ታች አውርደው። ይኸው ነው የኔ ክርክር። ዘጠና ዶላር ለቆርቆሮ ያለው ሰው ሦስት ዶላር ለሆዱ አጣሁ ሊል አይችልም።

አደራረጉን በአጭሩ ልናገር፤ ፎክሮ ዝም ማለት ደግ አይደለምና። በረዶ ሳይመጣ፣ ሙቀቱ ገና 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሳለ መኪናውን በመኪና ሻምፑ እጠቡ። የሳህን ሳሙና ለዘወትር እጥበት አትጠቀሙ፤ ያለውንም ሰም ይዞት ይሄዳል። ከታጠበ በኋላ መዳፋችሁን በስስ ፌስታል ሸፍናችሁ ቀለሙን ዳብሱት፤ ከሻከራችሁ እጥበት ያለቀቀው ቆሻሻ አለ ማለት ነው። እሱን እንደ ሊጥ በሚለጠጥ ‹‹ክሌይ›› በሚባል ነገር፣ በሳሙና ውኃ እያረጠባችሁ፣ ሳትጫኑ አንሱት። ከዚያ ሲላንቱን ጥላ ውስጥ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ወፍራም መቀባት ብክነት ነው፤ ትርፉ ለመወልወል መከራ ነው። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ጠብቃችሁ በንጹሕ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ወልውሉና ሁለተኛ ድርብ ጨምሩ። የመኪናውን ታችኛ ጎን፣ ፓራፋንጎውን ከጎማው ኋላና ቸርኬውን አትርሱ፤ ጨው የሚመታው እሱን ነው።

ታቹን ደግሞ ክረምቱ ሳይገባ ዘይትነት ያለው ወይም ከበግ ፀጉር የሚወጣ ላኖሊን የሚባል ቅባት ያለበት የዝገት መከላከያ አስረጩ። በየዓመቱ የሚደገም ነው። የፍሬን ዲስኩና ሸራው ላይ እንዳያርፍ፣ የውኃ ማስወገጃ ቀዳዳዎች እንዳይደፈኑ ንገሯቸው። ያንን እንደ ሬንጅ የሚደርቀውን ጥቁር ልባስ ዝጎ የነበረ ብረት ላይ አታስደርቡ፤ ሲሰነጠቅ እርጥበት ከስሩ ይገባና ከላይ ጥቁርና ጤነኛ መስሎ ውስጥ ውስጡን ይበላል። በረዶ ጥሎ ጨው ከተረጨ በኋላ ቅዝቃዜው ከዜሮ ከፍ ያለበትን ቀን ጠብቃችሁ ከስር የሚመታ እጥበት አሳጥቡ። ከበታች ከሆነ በሩ ተጋግሮ አልከፈት ይላችኋል። ኮፈኑ ላይ የተቆለለውን በረዶ ደግሞ በአካፋ የምትዝቁ ወዳጆቼ፣ እባካችሁ! ያን ሁሉ ሰም የቀባችሁት ለአካፋ ነው'ንዴ?

*

አሁን አመል ወዳልኩት ልመለስና ልጨርስ።

‹‹ውስጡን ለቄስ›› የሚል አባባል አለን። አባባሉ ከኛ ጋር አውሮፕላን ተሳፍሮ መጥቷል። ሠርጋችንን እዩት። ሊሞዚን ተከራይተን፣ አዳራሽ በአበባ ሞልተን፣ ሙሽሮቹ ግን በክሬዲት ካርድ ዕዳ ትዳር ይጀምራሉ። በቀን 14 ሰዓት የሚነዳ ወንድማችን የመኪናውን ዘይት በቀኑ ይቀይራል፤ የደም ግፊቱን ከተለካ ግን ዓመታት አልፈውታል። ‹‹ደህና ነኝ›› ይላል። መልኩ ያበራል'ኮ! አገር ቤት የምንልከው ፎቶ ውስጥ ሁሌም ፀሐይ ነው፣ ሁሌም እንስቃለን፣ ሁሌም አጠገባችን መኪና አለ። ከዚያ የምንልከው ገንዘብ ለምን እንዳነሰ ማስረዳት ያቅተንና እንቀያየማለን። ታናሽ ወንድማችን ፎቶውን አይቶ አምኗላ! እኛው ነን ያሳመንነው።

እኔ አልገዛሁም ሳልል ዝም ያልኩባት ቀን መኪናዬ ከታች እየዛገ ነበር። ሁለቱ ነገሮች አንድ ቀን ላይ የተገጣጠሙት በአጋጣሚ አይመስለኝም። ላዩ ላይ የተጨነቀ ሰው ታች የሚያይበት ጊዜም ልብም የለውም።

የሚገርመኝ ደግሞ እኛ ‹‹ሰምና ወርቅ›› እናውቃለን ብለን የምንኮራ ሰዎች መሆናችን ነው። ቅኔ ሲባል ሰሙን ብቻ ሰምቶ ራሱን እየነቀነቀ የሚሄደውን ሰው እንስቅበታለን። ወርቁ ከስር ነው፣ ፈልግ እንለዋለን። መኪና ላይ ስንደርስ፣ ትዳር ላይ ስንደርስ፣ ጤናችን ላይ ስንደርስ ግን እኛው ራሳችን ሰሙን ይዘን ቤታችን እንገባለን።

አሁን በየዓመቱ ኖቬምበር ሲገባ ካርቶን አነጥፌ መኪናው ስር እተኛለሁ። ልጄ አድጋለች፤ ባትሪውን የምታበራልኝ እሷ ናት። ጎረቤት ሲያልፍ ምን ጠፋባችሁ ይለናል። ከዚያ ተነስቼ፣ አቧራዬን አራግፌ፣ ላዩን ሲላንት እቀባለሁ። ያበራል ደግሞ። ፎቶ ግን አልላክሁም።

እናንተም ዘንድሮ ቆርቆሮ ለመግዛት ስትወጡ፣ መጀመሪያ አንዴ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ታች የሚያይ ዓይን ይስጠን። ሰላም ሰንብቱ።